በነጠላ ጫፍ የታሰረ ካሚዮን

ወይዘሮ ደሜ ጉታ ሰውን የምትመዝነው በመልኩም በዘሩም አልነበረም፤ በጀርባው ነበር። አዲስ ሰው ፊቷ በቆመ ጊዜ ከትከሻው እስከ ወገቡ አንዴ ቁልቁል ታየውና ስንት ፈረሱላ ተጭኖ የት ድረስ እንደሚዘልቅ በልቧ ቆርጣ ትጨርስ ነበር። ከወረራው በፊት አንድ ባለ ወርቅ ካባ ሹም በግቢዋ በር ላይ ጦር እየሰበቀ ሲፎክር ሰምታ፣ «ካባው ጥሩ ነው፤ ጀርባው ግን ሆለታ ሳይደርስ ይተኛል» ብላ ነበር። ሰውየው ጣሊያን ሲመጣ ሆለታ ድረስ እንኳ አልደከመም፤ እዚያው አዲስ አበባ መግቢያ ላይ ተኛና የጠላትን ባንዲራ እያውለበለበ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ኮልፌ ውስጥ የደሜን ምዘና የሚጠራጠር አልተገኘም። ቄሱ ሳይቀሩ በፊቷ ሲያልፉ ወገባቸውን ቀና ያደርጉ ነበር።

ይህን ጥበብ የተማረችው ከበቅሎ ነው። አባቷ ጉታ የሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ባሏም እንዲሁ። ሁለቱም ካለፉ በኋላ በእጇ የቀረው በኮልፌ ዳገት ሥር ያለ በግንድ የታጠረ ሰፊ ግቢ፣ ዘጠኝ በቅሎና አንድ አፍ ነበር፤ ከሦስቱም ይበልጥ የሚፈራው አፉ ነው። ግቢው ወደ ምዕራብ ጠረፍ የሚወርደው የበቅሎ ቅፍለት የሚጫንበት፣ ከጠረፍ የሚመጣውም የሚራገፍበት ስፍራ ነበር። በአገሩ ዳርቻ፣ ከሱዳን በሚያዋስነን በኩል፣ በባሮ ወንዝ አፋፍ ላይ ጋምቤላ የሚባል ወደብ አለ። ወደብ ሲባል ባሕር ብቻ የሚታየው የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ነገር ግን ወንዙ በክረምት ሲሞላ የእሳት መርከብ ከካርቱም በኩል እያጓራ ይመጣል፤ ጨውና አቡጀዲ ያራግፋል፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭኖ ይመለሳል። በጋው ገፍቶ ውሃው ሲጎድል ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ሁሉ፣ ጫካውም ረግረጉም ዳገቱም፣ በበቅሎ ጀርባ ላይ የተጣለ ነው። ስለዚህ ደሜ የወደቡ አፍ ባሮ ላይ ቢሆንም ጅራቱ የእሷ ግቢ መሆኑን ለመጣው ሁሉ ትነግር ነበር፤ ጅራትን የናቀ ቢኖር ደግሞ ዝንብ የሚያባርረው እሱ መሆኑን ታስታውሰዋለች።

ባሏን የገደለው የዚያ ወደብ የወባ ንዳድ ነው። ለቅሶው ላይ አስለቃሿ ሟቹን አወድሳ ስትጨርስ ደሜ ተነሥታ፣ ወደቡ ባሏን ወስዶ ጨው እንደ ሰጣት፣ ልውውጡ ያልተመጣጠነ ቢሆንም ጨው እንደማያንኮራፋ ተናገረች። ዘመድ አዝማዱ ደነገጠ። እሷ ግን በማግሥቱ ማንም ሳያያት የባሏን ኮርቻ በቅቤ ስታሽ ዋለች፤ ያን ኮርቻ እስክትሞት ለማንም አላዋሰችም።

ከዘጠኙ በቅሎዎች ስምንቱ ተከታዮች ነበሩ፤ አንዷ መሪ። የመሪዋ ስም ሹሜ ይባላል። ከሁሉ ፊት ትሄዳለች፤ ከሁሉ በፊት ትበላለች፤ የቀረባትን ሁሉ ትራገጣለች፤ ሲያመሰግኗት ጆሮዋን ታዞራለች፤ ሹም ማለት ይኸው ነው ብላ ደሜ ስሙን አወጣችላት። በሹሜ አንገት ላይ ቃጭል ተንጠልጥሎ ነበር። የጭነት በቅሎ ሰው አይከተልም፤ ዱላም ቢሆን የሚነዳው እስከ መጀመሪያው ጭቃ ነው። የሚከተለው የመሪውን ቃጭል ነው። መሪ የሌለው ቅፍለት ከግቢ አይወጣም፤ ቢወጣም በየጓሮው ገብቶ ጎመን ሲበላ ይገኛል። መሪን በአንድ ቀን መግዛት ይቻላል፤ በአንድ ቀን ማስለመድ ግን አይቻልም።

ጣሊያን ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። የየካቲቱ እልቂት ደም ገና ከሰው ዓይን አልደረቀም፤ ኮልፌም የቀበረቻቸውን ልጆቿን ስም ጮክ ብላ አትጠራም ነበር። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ተምሯል። ደሜም ይህን ትምህርት ጀምራ ነበር፤ አልገባ ሲላት ተወችው።

በዚያ ዓመት፣ መስቀል በዋለ በሳምንቱ፣ የጭነት ከብትን የሚመለከት አዋጅ ተለፈፈ። በመሪ ተመርቶ በጉዞ ላይ ያለ ቅፍለት ለባለቤቱ ይሆናል፤ በከተማው ውስጥ ሥራ ፈቶ የተገኘ በቅሎ ግን ለጦሩ ጓዝ መሸከሚያ ይወሰዳል። ለጦሩ ተወስዶ ወደ ጌታው የተመለሰ በቅሎ እስከዚያ ቀን አልታየም። ሰብሳቢዎቹ ኮልፌ የሚደርሱት ቅዳሜ ጠዋት ነው ተባለ። ደሜ ነገሩን በሰማችበት ምሽት ወሰነች፤ ዓርብ ከቀትር በፊት ዘጠኙም በቅሎዎች ተጭነው የከተማውን በር ካላለፉ፣ ቅዳሜ ማታ በግቢዋ የሚያድረው ፋንድያ ብቻ ነው።

ጭነቱ የዩሱፍ ነበር። ዩሱፍ በልጅነቱ ምጽዋ ወደብ ላይ ተሸካሚ ሆኖ ሲኖር ጣሊያንኛን ለቃቅሞ የመጣ፣ አሁን ማጭድ፣ ዶማና መርፌ ወደ ምዕራብ እየላከ ጨው የሚያስመጣ ነጋዴ ነው። መርከቡ ውሃ ሳይጎድልበት ጨዉን ማንሳት ስለነበረበት ከደሜ ባላነሰ ይቸኩል ነበር። የጫኞቹ አለቃ ቡልቻ ደግሞ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጣሊያንን ብቻውን ወደ ባሕር ይመልስ የነበረ ጎልማሳ ነው። ዓርብ ረፋድ ላይ ጭነቱ ታስሮ አለቀ። ቡልቻ የግቢውን መዝጊያ ግንድ አነሣ፤ ሹሜም ቃጭሏን እያሰማች ወደ አውራው መንገድ ወጣች።

ካሚዮኑ ከዳገቱ የወረደው በዚህ ጊዜ ነው። ያኔ አገሩ ሁሉ ትሬንታ ኳትሮ እያለ ከሚጠራቸው፣ አፍንጫቸው ከደጀ ሰላም ከሚሰፋ ካሚዮኖች አንዱ ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ጎማዎቹ ግን የመስከረሙን ጭቃ ይዘው እንደ ስብ ተንሸራተቱ። የካሚዮኑ ጎን ሹሜን ከነጭነቷ መትቶ ጣላትና ራሱም ቦይ ውስጥ ገብቶ ተጋደመ። ማጭዱና ዶማው በመንገዱ ላይ ተበተነ። ስምንቱ በቅሎዎች መሪያቸው የወደቀችበት ቦታ ላይ ተገትረው ቀሩ።

የሹሜ ወገብ ተሰብሮ ነበር። ደሜ ጭቃው ላይ ተንበርክካ የበቅሎዋን ራስ በጭኗ ላይ ደገፈችው። ጣሯን የሚያሳጥርላት አልተገኘም፤ ያገሬው ጠመንጃ ሁሉ ተገፏል። ያን ጊዜ ሹፌሩ ከካሚዮኑ ወረደ። ሮኮ የሚባል፣ ጺሙ ያልተላጨ፣ እግሩ አጭር ሰው ነበር፤ ወታደር አይደለም፤ በገዛ ካሚዮኑ ለመንገድ ሥራ ድርጅት ዕቃ እያመላለሰ የሚኖር ነው። በቅሎዋን አየ። በአንድ እጁ መዳፍ ዓይኗን ሸፈነላት፤ ሽጉጡን በሌላው እጁ አውጥቶ ከጆሮዋ ሥር አንዴ ተኮሰ። በቅሎ ሲሞት ዓይኑን የሚሸፍን በቅሎ ያሳደገ ሰው ብቻ መሆኑን ደሜ ታውቃለች። አስተዋለችው። ቢሆንም ገዳይ ገዳይ ነው።

ቃጭሉን ከሹሜ አንገት ፈታ በወገቧ ሻጠችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሮኮ ቀረበችና የነጠላዋን ጫፍ ከኮቱ ጫፍ ጋር አጥብቃ ቋጠረችው።

«በሕግ አምላክ» አለችው፤ አልጮኸችም።

የዛሬ ልጆች ይህን ሥርዓት አያውቁትም። በድሮው አገር ባላጋራህን ከዳኛ ፊት እስክታደርሰውና ፍርዱ እስኪፈጸም ልብስህን ከልብሱ ትቋጥራለህ፤ ይህ ቁራኛ ይባላል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይቀመጣሉ፤ ፍርዱ ሳይፈጸም ቋጠሮውን የፈታ ሰው ተረታሁ ብሎ በገዛ አፉ እንደ መሰከረ ይቆጠራል። ጌታ ሆነ ሎሌ ከዚህ አያመልጥም፤ ባላገር ባላባቱን በነጠላ ጫፍ እየጎተተ ሲሄድ ያዩ ነበሩ። ጣሊያንን የቆራኘ ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም፤ እብደት ነውና።

ሮኮ መጀመሪያ ሴትዮዋ ምጽዋት የምትለምነው መስሎት ኪሱን ዳበሰ። ዩሱፍ ላቡን እየጠረገ ቀረበ።

«እትዬ ደሜ፣ ይህ እኮ ጣሊያን ነው።»

«በቅሎዬን ሲገድላትስ ምን ነበር?»

«ይገድሉሻል እኮ።»

«ነገ በቅሎዎቼን ሲወስዱ ከመሞት ዛሬ ተቋጥሬ ብሞት ይሻለኛል። ንገረው፤ ዳኛ ፊት እንሄዳለን በለው።»

ቡልቻ በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ ጀግንነቱን ለተሻለ ቀን ያስቀምጥ ነበር።

ዩሱፍ ተረጎመ። ሮኮ ሳቀና ኮቱን ሊነጥቅ ሲል ነፋስ ከካሚዮኑ በኩል አንድ ሽታ ይዞ መጣ። በሲሚንቶው ከረጢቶች መካከል የተደበቁ የኮኛክ በርሜሎች ነበሩ፤ አንዱ በግጭቱ ተሰንጥቆ ቦዩን ሁሉ ሠርግ ቤት አስመስሎታል። ኮኛኩ የድርጅቱ አልነበረም፤ ሮኮ በምዕራብ ለሚገኙ ነጋዴዎች በድብቅ ሊሸጠው የያዘው ነው። ደሜ አፍንጫዋን ወደ ካሚዮኑ አዙራ አንዴ ሳበችና ለዩሱፍ አንድ ሐሳብ ሹክ አለችው። ዩሱፍም፣ ሲኞር ሮኮ የኬላ ጠባቂዎቹን ሊጠራ መብቱ መሆኑን፣ ጠባቂዎቹ ግን እንደማንኛውም የእግዜር ፍጡር አፍንጫ ያላቸው መሆኑን በትሕትና አስረዳው። ካሚዮኑንም ከቦይ ሊያወጡት የሚችሉ በአካባቢው ያሉት ስምንት በቅሎዎች ብቻ ናቸው አለው። ሮኮ ካሚዮኑን አየ፤ በቅሎዎቹን አየ፤ ቋጠሮውን አየ። ከዚያ ኮቱን ለቀቀ።

ዳኛ መፈለግ ቀረ። እዚህም ላይ የአባቶች ሥርዓት አለ፤ ተሟጋቾች መንገድ ላይ ያገኙትን የተከበረ ሰው «ዳኘን» ብለው በሕግ አምላክ ካቆሙት፣ ያ ሰው ጉዳዩን ትቶ ሊዳኝ ግዴታው ነው። የመጀመሪያው መንገደኛ ጣሊያኑን ሲያይ አንድ ነገር ቤቱ የረሳ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ሁለተኛው በድንገት ደንቆሮ ሆነ። ሦስተኛው አለቃ ኃይለ መስቀል ነበሩ። አለቃ የቀራንዮ ደብር ሊቅ ናቸው፤ ቅኔያቸው የረቀቀ፣ ሆዳቸው የሰፋ፤ በዚያ ሰዓት ወደ አስኮ ለባለጸጋ ተዝካር ሲገሰግሱ ነበርና ከእሳቸው በፊት ሆዳቸው ደረሰ።

ሊያልፉ ሲሉ ደሜ በሕግ አምላክ አለቻቸው። አለቃ ቆሙ። ጣሊያኑን አዩ፤ ፈራ ተባ አሉ፤ ተዝካሩ እንደሚጀመርም ትዝ አላቸው። ይሁንና በዕድሜያቸው ብዙ ሊቅ ተብለዋል እንጂ አንድ ቀን ዳኛ አልተባሉም ነበር፤ ጣሊያን ደግሞ በፊታቸው ቆሞ ፍርድ ሲጠብቅ ማየት በወዲያኛው ዓለም እንኳ የሚገኝ አይመስልም። ድንጋይ አስመጡና ተቀመጡ።

ችሎቱ በሥርዓት ተሰየመ። ደሜ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የተቋጠረውን ጫፍ ሳትለቅ፣ የሹሜን ትውልድና ሙያ አንድ በአንድ አወጣች፤ ስንት ወንዝ እንደ ተሻገረች፣ የትኛውን ጅብ እንደ ረገጠች፣ በየትኛው ጨለማ ጓዙን ሁሉ ከገደል እንደ መለሰች። አድማጮቹ ከሚያውቋቸው ደጃዝማቾች እንዲህ ተብሎ የተለቀሰላቸው ጥቂት ነበሩ። ሮኮም በዩሱፍ አፍ ተከራከረ፤ ፍሬን መያዙን፣ ጭቃው ያዳጠው መሆኑን፣ ደግሞም ይህ መንገድ የተሠራው ለጎማ እንጂ ለሰኮና አለመሆኑን፣ በቅሎዋ መንገድ ዳር ብትሄድ ኖሮ አሁንም በሕይወት ትኖር እንደ ነበር ገለጠ።

ደሜ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«የሹሜ አባት አህያ ነበር» አለች፤ «ይህን መንገድ ግን ከአንተ መሐንዲሶች በፊት ረግጦ የቀየሰው እሱ ነው። እናንተ የመጣችሁት የአህያ ዱካ ላይ ድንጋይ ልትጨምሩ ነው።»

ዩሱፍ ይህን ሲተረጉም አህያውን ወደ ፈረስ አሳደገው። ሮኮ ግን ነገሩ ገብቶት ኖሮ ከንፈሩን ነከሰ።

አለቃ ተሟጋቾቹን ውርርድ ጠየቁ። እንደ ልማዱ ባለጉዳይ እውነተኛነቱን የሚያሳየው በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ተወራርዶ ነው፤ የተረታው ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። ደሜ በአፍ ልማዷ «በበቅሎ» አለች። አለቃ መንገዱ ላይ የተኛችውን አሳይተው በየትኛዋ እንደሆነ ጠየቋት። ከስምንቱ በአንዷ አለች። ሮኮ ነገሩ ሲተረጎምለት ጥቂት አሰበና ከጤነኞቹ በርሜሎች አንዱን አሲያዘ። በርሜሉ ሲጠራ አለቃ ቆባቸውን አስተካከሉ፤ ችሎቱም ወዲያው ሌላ ክብር ያዘ። ሐሜተኞች ፍርዱ ያን ጊዜ ተወሰነ ይላሉ። ሐሜት ነው፤ ግን ሐሰት ነው ለማለት ያስቸግራል።

አለቃ ቅኔ ሊዘርፉ እንደ ተነሡ ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው ፈረዱ።

«በቅሎ በበቅሎ ይተካል። ምትኩ እስኪገኝ ድረስ የሟቿ ሥራ ሥራ ፈቶ አይውልም፤ ገዳዩ በቦታዋ ይግባ፤ የመራችውን ይምራ፤ የተሸከመችውን ይሸከም።»

አለቃ ኋለኛውን ግማሽ የጨመሩት ለቃሉ ውበት ነበር። ለጆሯቸው ጥሟቸው ፈገግ ብለው ሊነሡም ጀምረው ነበር። ነገር ግን ዳኛ ያወጣው ቃል እንደ ተተፋ ምራቅ ነው፤ አይመለስም። ደሜ «ሰምታችኋል» አለች። ሮኮን በቋጠሮው እየሳበች ወደ ካሚዮኑ አፍንጫ ሄደችና ቃጭሉን ከወገቧ አውጥታ ከፊተኛው ብረት ላይ አሰረችው።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት አለቃ ደንግጠው።

«ፍርድዎን እፈጽማለሁ፣ አለቃ። መሪዬ ይህ ነው።»

አለቃ ማስተባበል ሊቅነታቸውን ማርከስ መሆኑ ታያቸውና እንዲያ ማለታቸው እንደ ነበር ገልጠው፣ በርሜላቸውን ለሁለት ተሸካሚ አሸክመው ወደ ተዝካሩ ሄዱ። በዚያ ቀን የአስኮው ተዝካር ከሠርግ ይልቅ ዘፈን የበዛበት ሆነ ይባላል።

ስምንቱ በቅሎዎች በጠፍር ታስረው ካሚዮኑን ከቦዩ ጎትተው አወጡት፤ ቡልቻም አደጋው ካለፈ በኋላ ከአጥሩ ጀርባ ወጥቶ ከሁሉ በላይ ጮኸ። የተሰነጠቀው በርሜል እዚያው ቀረና የሹሜ ጭነት በቦታው ካሚዮኑ ላይ ወጣ። ሮኮ መሪውን ጨብጦ ተቀመጠ፤ ደሜ ከጎኑ፤ በመካከላቸው ነጠላና ኮት ተቋጥሮ፤ ዩሱፍ ከደሜ ወዲያ። በቅሎዎቹ ይህን የሚያጓራ፣ የሚያጨስ፣ ጆሮ የሌለው መሪ መጀመሪያ አልወደዱትም። ካሚዮኑ በሰው እርምጃ ልክ ዝግ ብሎ ሲነሣ ግን ቃጭሉ ጮኸ። ከሹሜ ቀጥላ ትሄድ የነበረችው ግራጫ በቅሎ ጆሮዋን አቆመች፤ አሰበች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ተከተለች። ሌሎቹም ከኋላዋ ገቡ።

ዛሬ ሳንሱሲ የምንለው አካባቢ ሲደርሱ ኬላ ነበር። በኬላው ዘንግ አጠገብ የበቅሎ ሰብሳቢው ሹም ቆሞ ነበር፤ ቅዳሜን አልጠበቀም፤ ሰው ዓርብ እንደሚሸሽ ገብቶት የከተማውን በር ይዟል። ከጎኑ በነደደ እሳት ውስጥ የበቅሎ ምልክት መተኮሻ ብረት ቀልቷል።

ሹሙ በቅሎዎቹን ቆጠረ። መሪ በቅሎ ፈለገ፤ አላገኘም። መሪ የሌለው ከብት ቅፍለት ሳይሆን የባዘነ መንጋ ነው፤ የባዘነም የጦሩ ነው አለ። ከዚያ በሹፌሩ ጎን የተቀመጠችውን ሴትና ቋጠሮውን አየና ሮኮን ስለ ሁለቱም ጠየቀው። ይህን ጥያቄ በዚያ ዘመን መሳቅም መታሰርም ሊከተለው ይችል ነበር። ዩሱፍ ጣሊያንኛው ሁሉ ጠፋበት። ደሜ ቋጠሮውን በእጇ ጨብጣ ወደፊት ብቻ አየች። ሮኮ «ይህች ሴት ታስቸግረኛለች» ብሎ ሁለት ቃል ቢጨምር ነፃ ይወጣል፤ ኮቱም፣ መንገዱም፣ የቀሩት በርሜሎችም ለእሱ ይሆናሉ፤ በቅሎዎቹ በእሳት ይተኮሳሉ፤ ደሜ የት እንደምትደርስ ማንም አይጠይቅም። ወይም ደግሞ ሹሙ ካሚዮኑን ያስፈትሻል፤ ያን ጊዜ ሮኮም አይተርፍም። የትኛውን እንዳሰበ ማን ያውቃል? በርሜሎቹን ፈርቶ ይሆናል። ጠዋት መዳፉ ሥር የጠፋችውን ዓይን አስታውሶም ይሆናል።

«መሪው እኔ ነኝ» አለ። «ሴትዮዋ አስራኛለች።»

ጠባቂዎቹ ሆዳቸውን እስኪይዙ ሳቁ፤ ሰው እውነቱን ሲናገር የማይታመንበት ጊዜ አለ። ሹሙ ብቻ አልሳቀም፤ መሪ ከሆንክ ምራ እስቲ አለው። ሮኮ ካሚዮኑን ዝግ አድርጎ አስነሣው። ቃጭሉ ጮኸ፤ ስምንቱም በቅሎዎች ራሳቸውን ነቅንቀው በአንድ መስመር ተከተሉት። ሹሙ ብረቱን እየነቀነቀ አዋጁን በልቡ ደግሞ አነበበው። መሪ የሚል ቃል ነበረበት፤ መሪው አራት እግር ይኑረው የሚል ግን አልነበረበትም። ዘንጉ ተነሣ።

ከኬላው እስከ አምቦ ያለው ጉዞ በሮኮ ላይ የወረደ ንስሐ ነበር። ለበቅሎ እርምጃ ያልተፈጠረው ሞተር በየዳገቱ ይፈላል፤ በፈላ ቁጥር ቅፍለቱ ቆሞ ሣር ይበላል። ሆለታ ላይ ሲያድሩ ቋጠሮው ክርክር አስነሣ። ሮኮ ኮቱን አውልቆ ሊተኛ ፈለገ፤ ዩሱፍም ይህ መፍታት ነው ወይስ አይደለም ብሎ ተጨነቀ። ደሜ እራሷ ዳኛ ሆና ኮቱ ካለ ሰውየው አለ፤ የመንጃ ፈቃዱም በኪሱ ውስጥ ነው ብላ ፈረደች። ኮቱን ተንተርሳ አደረች። አዲስ ዓለም ላይ ገበያተኛው ካሚዮን የሚከተሉ በቅሎዎችን ሊያይ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ነበር፤ አንዲት አሮጊት ጣሊያን ነዳጁ አልቆ በበቅሎ ሊያስገፋ ነው ብለው እልል አሉ።

በመንገድ ላይ ሮኮና ደሜ በዩሱፍ በኩል ጥቂት ተነጋገሩ። ሮኮ አባቱ በተራራማ አገር በቅሎ ነጂ እንደ ነበረ፣ እሱም ከበቅሎ ለማምለጥ ብሎ ካሚዮን እንደ ገዛ ነገራት። ደሜ ይህን ስትሰማ አላዘነችለትም። ሰው ከበቅሎ ሸሽቶ ባሕር ተሻግሮ የሰው አገር ሊወር ከመጣ፣ በመጨረሻ በቅሎ ሆኖ ቢገኝ ፍርዱ የአለቃ ብቻ አለመሆኑን ነገረችው። ዩሱፍ ይህን አልተረጎመውም።

አምቦ የደረሱት በገበያ ቀን ነበር። ከብት ተራ ገቡ፤ ሮኮ ከፊት፣ ደሜ ከኋላ፣ ነጠላው በመካከል። ደላሎቹ ደንዳና፣ የሚያብረቀርቅ በቅሎ አቀረቡለት፤ ፈረንጅ ነውና ከሁሉ በፊት ጌጡን ያያል ብለው አስበዋል። ሮኮ አላያቸውም። ከኋላ ብቻዋን ወደ ቆመች፣ ጆሮዋ የተቀደደ፣ መልከ ጥፉ ዳማ በቅሎ ሄደ። ጥርሷን አየ፤ ሰኮናዋን አነሣ፤ በአፍንጫዋ ቀስ ብሎ ተነፈሰባት። በቅሎዋ ልትነክሰው ሞከረች፤ አልሸሸም። ደሜ ወደ ገበያው ገና ስትገባ ዓይኗ ያረፈው በዚያችው ላይ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ የዋጋ ክርክሩን ከእጁ ወሰደች፤ እሱ እንዲከራከር ብትተወው ለአንዲቷ የሁለት በቅሎ ዋጋ ይከፍል ነበርና። ከፋዩ ግን እሱ ነው።

ዳማዋ ቃጭሉ ታስሮላት ለሁለት ቀን ከካሚዮኑ ኋላ ታስራ ተለማመደች። መንገዱ ለጎማ የማይመችበት ስፍራ ላይ ሲደርሱ ሮኮ ሲሚንቶውን አራገፈ፤ በርሜሎቹን ለማን እንደ ሰጠ አይታወቅም። የሹሜም ጭነት ወደ በቅሎ ጀርባ ተመለሰ። ደሜ ቋጠሮውን ልትፈታ ሞከረች፤ ዝናብና አቧራ አጠንክሮት ኖሮ በጥርሷ ነክሳ ፈታችው። ሮኮ ኮቱን አራገፈ፤ ጫፉ እስከ መጨረሻው የተጨማደደ ሆኖ ቀረ። ደሜ ለአዲሷ መሪ ስም አወጣች፤ ስሟን ሮኮ አለቻት። ቡልቻ በቅሎዋ ሴት መሆኗን አስታወሳት። እሷም ስሙ እንጂ ሰውየው እንዳልተሰጣት ነገረችው።

ቅፍለቱ በቡልቻ መሪነት፣ በቅሎዋን ሮኮን ከፊት አድርጎ፣ ወደ ነቀምቴና ወደ ባሮ ወረደ። ዩሱፍም ጨዉን ሊቀበል አብሮ ወረደ። የዘጠኙ በቅሎዎች ቃጭል ከጉደር ወንዝ ማዶ እስኪጠፋ ድረስ ደሜ ቆማ ሰማች። ያን ሳምንት ኮልፌ ውስጥ ሰብሳቢዎቹ የግቢዋን ግንድ አንሥተው ገብተው ባዶ ጋጣ አግኝተዋል፤ ጎረቤቶቿ እንደሚሉት ጥለው የሄዱት ስድብ ብቻ ነበር።

ሮኮ ባዶ ካሚዮኑን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። በኮልፌ ስለሚያልፍ በሩን ከፍቶ «ግቢ» ሲል በእጁ ጠቆማት። ዩሱፍ አልነበረምና አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ደሜ የነጠላዋን ጫፍ አስተካክላ ለበሰች።

«ባል የሞተባት ሴት» አለችው በአማርኛ፣ እየሄደች፣ «ያለ ቁራኛ ከወንድ ጋር አትሳፈርም።»

ካሚዮኑ አቧራ አንሥቶ አለፋት። እሷ ወደ አዲስ አበባ ከሚመለሱ ጨው ጫኞች ኋላ ገብታ በእግሯ ኮልፌ ገባች፤ ጫኞቹንም መንገዱን ሁሉ ጀርባቸውን እያየች ስትመዝናቸው መጣች።